የቆመችን ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል እቤት ሆኖ መቀስቀስ

አጎቴ ሞተር ሳይክሏን ከማድ ቤቱ ጀርባ ያቆማት አንድ የክረምት ቀን ነው። ነገ አነሳታለሁ ብሎ ሸራ አለበሳት። ያ ነገ ስምንት ዓመት ፈጀ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ሸራው ላይ ዶሮ ያድርበት ነበር። የኋላ ጎማዋ መሬት ላይ ተለጥፏል። የቤንዚን ታንኳ ሲከፈት የሚሸተው ቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቫርኒሽ ነው። «ካስነሳሃት ያንተ ናት» አለኝ። አጎቴ ተሸናፊ ውርርድ አይገባም፤ እንደማላስነሳት እርግጠኛ ነበር ማለት ነው።

ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ሆንዳ ይህችን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣት አቧራ መንገድ ላይ ለሚነዳ፣ ከአቅም በላይ ለሚጭንና ዘይት መቀየር ለሚረሳ ሰው አስቦ ነው። ማለትም ለእኛ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የሆንዳ ትንንሽ ሞተሮች ካማቸው (ቫልቮችን የሚከፍተው ክፍል) ከላይ ነበር። እሷ ግን ካሟን ታች አድርጋ ቫልቮቿን በዘንግ ትገፋለች። ሰንሰለቷም አቧራ እንዳያገኘው በሽፋን ተዘግቷል። ከዚህች ሞተር የተቀዱ የቻይና ሞተር ሳይክሎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ያን ያህል አያንከራትትም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የሲጂ» ብትሉ ይገባቸዋል።

ልኬቶቹን የምጽፈው ለእሷ ነው። አካሄዱ ግን ለሌላም አሮጌ ፎር ስትሮክ ሞተር ይሆናል። የእናንተ ሌላ ዓይነት ከሆነች ቁጥሮቹን ከመመሪያ መጽሐፏ አረጋግጡ።

አንድ ነገር በቅድሚያ። ሞተሩን አትክፈቱ። የሰፈራችን አሮጌ መካኒክ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ መጥተው አንዴ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ የቆመችው በቤንዚን ነው እንጂ በብረት አይደለም፤ እንዳትከፍታት» አሉኝ። ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ለማውረድ እጄን እያሳከከኝ ነበር። ባወርደው ኖሮ ዛሬም በካርቶን ውስጥ ትሆን ነበር።

እግራችሁን ሰብስቡ

የመጀመሪያው ፍላጎት ማስነሻውን መርገጥ ነው። እኔም ረገጥኩ። ስህተት ነው። ለዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ደርቋል። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከግድግዳው ጋር በዝገት ተያይዘው ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ስትረግጡ ፋሻው ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ይልቅ ካንዴላዋን ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያዋን በብሩሽ አጽዱ፤ እዚያ የተጠራቀመው አሸዋ ካንዴላዋ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ቁልፏ 18 ነው። ብዙ ጊዜ የመኪና ካንዴላ ቁልፍ 16 ወይም 21 ስለሆነ ከጎረቤት የተዋሳችሁት ላይገጥም ይችላል። በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሱ። ጨርቅ ወትፉበትና ይደር።

በማግስቱ በመሃል መቆሚያዋ አቁሟት። የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ አስገቧትና የኋላ ጎማዋን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ወደፊት ግፉ። ማርሹ አልገባ ካለ ጎማውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ ሞክሩ። ፒስተኑ ከተንቀሳቀሰ ግማሹ ጭንቀት አለቀ። ካልተንቀሳቀሰ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ፤ ሲጎድል ሙሉ፣ በየቀኑ ጎማውን ሞክሩ። የእኔ በሁለተኛው ቀን ለቀቀች። መዶሻ ወይም ረጅም ቧንቧ ይዞ መታገል ግን የለም። ሳምንት ሙሉ ጠብቃችሁ እንቢ ካለች ብቻ ነው ቴስታታ ስለማውረድ የሚታሰበው፤ ያ ደግሞ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ስለ መሣሪያ፣ በተለይ ስለ ካቻቢቴ

8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ፊለር ጌጅ። በቃ። ፊለር ጌጅ እንደ ምላጭ የሳሱ፣ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ብረቶች ጥቅል ነው። ርካሽ ነው፤ ሳትገዙ አትጀምሩ።

ካቻቢቴው ግን ራሱን የቻለ ወሬ ይፈልጋል። የጃፓን ሞተር ሳይክል ብሎን ጭንቅላት ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው መስቀል ካቻቢቴ ጋር አንድ አይደለም። ይመሳሰላሉ፣ ግን ቅርጻቸው ትንሽ ይለያል። የተለመደው ካቻቢቴ ጠልቆ በደንብ አይቀመጥም፤ ስታጠብቁት ይንሸራተትና መስቀሉን በልቶ ክብ ያደርገዋል። አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል የሞተር ሽፋን ላይ የተበላ ብሎን ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ብዙ ጊዜ ከመስቀሉ አጠገብ ትንሽ ነጥብ ካያችሁ ያ የጃፓኑ ዓይነት ነው። ትክክለኛውን ካቻቢቴ ካጣችሁ የተለመደውን ጫፍ በሞረድ ጥቂት አሳጥሩት፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል።

የጠነከረ ብሎን ሲያጋጥም መጀመሪያ ጫፉ ላይ ካቻቢቴውን አቁማችሁ በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት። ዝገቱን የሚለቀው ምቱ ነው። በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞር ካቻቢቴ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። የተበሉትን ብሎኖች መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ በአለን ቁልፍ በሚፈታ ዓይነት ተኳቸው። ስታጠብቁ ቁልፉን ከጭንቅላቱ አጠገብ ያዙ። ሽፋኑ አሉሚኒየም ነው፤ በሙሉ ክንድ ከታሰረ ጥርሱ ተነቅሎ ይወጣል።

የፈታችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። እኔ መጀመሪያ በአንድ ጣሳ ውስጥ ነበር የጨመርኳቸው። የሞተር ሽፋን ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስሩት መያዣውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ግማሽ ቀን ብሎን ስለካ ዋልኩ።

ዘይት

አሮጌውን ዘይት አውጡ። ታች ያለችው ብሎን 17 ናት። የወጣው ጥቁር ከሆነ ደህና ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ አዲስ ጨምራችሁ ሞተሩን ጥቂት ካሞቃችሁ በኋላ እንደገና ቀይሩት። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካገኛችሁ ግን እዚህ ቁሙና መካኒክ አማክሩ።

አዲሱ 10ደብልዩ40 ወይም 20ደብልዩ50 ይሁን፤ ቆላ ለሚነዳ ሁለተኛው ይሻላል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት) የሚል መኖር አለበት። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ደግሞ ሰበቃን ለመቀነስ የሚጨመርበት ነገር አለው፤ ያ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። መጠኑ አንድ ሊትር ገደማ ነው። በመለኪያዋ ስታዩ መለኪያዋን አታጥብቋት፤ ቀዳዳው ላይ አሳርፋችሁ ብቻ አንብቡ። አጥብቆ የሚለካ ሰው ዘይት ሳያጎድል አይቀርም።

ታንክ

አሁን ወደ ዋናው ደርሰናል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤንዚን የምትከፍቱበት ግቢ ውስጥ ከሰል አይያያዝ፣ ቡና አይፈላ፣ ሲጋራ አይለኮስ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ምድጃው ዘንድ ይደርሳል። እናቴን ቡናውን ወደ በረንዳ ማዶ እንድታዞር ለማሳመን ታንኩን ከማጽዳት በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ታንኩን ባዶ አድርጉ። የቤንዚን መዝጊያውን ፍቱና ቀዳዳውን በላስቲክና በብሎን ድፈኑ። በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ። ቀይ ዱቄት ብቻ ከሆነ አቼቶ ይበቃዋል። ሙሉ አቼቶ ሞልታችሁ አንድ ቀን ተዉት። ወፍራም ዝገት ካለ አንድ እፍኝ ዳዶና አጭር ሰንሰለት ጨምራችሁ አንቀጥቅጡ። ስትጨምሩ ቁጠሯቸው፣ ስታወጡም ቁጠሩ፤ እኔ 20 ጨምሬ 19 ሳወጣ የተሰማኝን አልመኝላችሁም። አቼቶውን ካፈሰሳችሁ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠ ውኃ አጥባችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቁት። የጸዳ ብረት በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል፤ ስለዚህ እንደደረቀ ጥቂት የሞተር ዘይት ረጭታችሁ ውስጡን ቀቡት።

አሮጌውን የቤንዚን ቱቦ ጣሉ። አዲስ ቱቦና ትንሽ ማጣሪያ ግጠሙ። ከታንክ የሚወርደው ቀሪ ዝገት የሚያቆመው እዚያ ነው።

ካርቡራተር

ቤንዚን ሲቆም ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ ከባዱ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የካርቡራተር ቀዳዳዎች ደግሞ እንደ መርፌ ጫፍ ናቸው። የቆመች ሞተር ሳይክል ካልተነሳች አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እዚህ ነው።

አውጡት፣ ውጭውን አጥቡት፣ ከዚያ ክፈቱት። ከታች ያለውን ሳህን ስታወርዱ መንሳፈፊያውና ትንሿ መርፌ ይታያሉ። መሃል ላይ ዋናው ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብሎን)፣ ከጎኑ ቀጭኑ የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ ሲሠራ የሚያገለግለው) ጄት አለ። ከጎን ደግሞ ሞላ ያላት የአየር ብሎን ትገኛለች። ይህችን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ዝጓት፤ ስንት ዙር እንደሆነች ቁጠሩና ጻፉ። መልሳችሁ ስትገጥሙ የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ጫፏ ስስ ናት፣ አጥብቃችሁ ከዘጋችኋት ቀዳዳውን ታሰፋዋለች።

ማናቸውንም ላስቲክና ፕላስቲክ ለይታችሁ አውጡ። የካርቡራተር ማጽጃ ላስቲክ ያሳብጣል። ቀሪውን ብረት በማጽጃ ንፉት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ደግሞ ንፉት። እያንዳንዱን ቀዳዳ ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ብርሃን ማለፉን እዩ። ጄቱ ላይ ብርሃን ክብ ሆኖ ካልታየ አልጸዳም። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገቡ። ጄት ነሐስ ነው፣ ብረት ይፍቀዋል። እኔ የሚኒሞ ጄቱን በስፌት መርፌ «አጸዳሁት»። ሞተር ሳይክሏ ተነሳች፤ ግን ሚኒሞ ላይ አልቆም አለች፣ ካንዴላዋም በየሳምንቱ ትጠቁራለች። ሦስት ወር ሌላ ነገር ስጠረጥር ከርሜ አዲስ ጄት ስገዛ በአንድ ጊዜ ተስተካከለች። የግድ ከሆነ ከስልክ ቻርጀር ገመድ ውስጥ የሚገኘውን አንድ ክር ለስላሳ መዳብ ተጠቀሙ።

ዳግም ስትገጥሙ መንሳፈፊያውን አራግፉት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ቀዳዳ አለው። የትንሿን መርፌ ጫፍ እዩ፤ ቀለበት የመሰለ ምልክት ካበጀች ቤንዚኑን አታቆምም፣ ካርቡራተሩ ያፈሳል። አዲስ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) አድርጉ።

አሁን የደጋ ሰው ብቻ የሚያጋጥመው ነገር ልንገራችሁ። የፋብሪካው ጄት የተመረጠው በዝቅተኛ ስፍራ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ስለዚህ ብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች እዚህ በጥቁር ካንዴላ፣ በቤንዚን ሽታና በደካማ ጉልበት ይኖራሉ፤ ባለቤቱ ግን ሞተሩ ያረጀ ይመስለዋል። መፍትሔው ዋናውን ጄት አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። ከጋዙ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ረጅሙ መርፌ ላይ ብዙ ጎድጓዳ ካለ ቀለበቱን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ቀለበቱ ሲወጣ መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚን ይቀንሳል።

ግን ተጠንቀቁ። ለአዲስ አበባ ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ ወደ አዋሽ ብትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር በሙቀትና በሙሉ ጋዝ ፒስተን ያቀልጣል። የቤንዚን መብዛት የሚያቆሽሸው ካንዴላ ነው፤ የቤንዚን ማነስ ግን ሞተር ይገድላል። ስለዚህ አሮጌውን ጄት አትጣሉት፤ ቆላ ስትወርዱ የምትመልሱት ነው።

የአየር ማጣሪያውንም እዩ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዘይት ርሶ፣ በደንብ ተጨምቆ ይመለሳል። ስትነኩት ከፈረሰ አዲስ ግዙ።

ብልጭታ

ካንዴላዋን አዲስ አድርጉ። ለእሷ የሚሆነው ዲ8ኢኤ ነው፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ካፕ ላይ ሰክታችሁ ብረቷን ከሞተሩ ጋር አስነኩና ማስነሻውን ርገጡ። ካንዴላዋን ከክፍት ቀዳዳው አርቁ፤ ከዚያ የሚወጣው ትነት በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካያችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ብልጭታ ከሌለ ከቀላሉ ጀምሩ። ካፑን ከሽቦው አውጡ፣ ሽቦውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሱ። ማጥፊያው በዝገት ተነካክቶ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ ሞተር ሳይክሏ ብረት፣ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦውን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ሽቦ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ሁሉ መሬት አይደለም። በሆንዳ መሬቱ አረንጓዴ ነው። ጥቁሩ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው፣ ቀዩ ደግሞ ከባትሪ የሚመጣው። ጥቁሩን ከሻሲ ያሰረ ሰው ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል።

የቀደሙት ሲጂዎች ፑንቲና (ብልጭታው የሚወጣበትን ጊዜ የሚወስኑ ሁለት ንክኪዎች) አላቸው፣ የኋለኞቹ ሲዲአይ (ያንኑ ሥራ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ)። ሲዲአይ ከሆነች ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፤ ይሠራል ወይም አይሠራም። ፑንቲና ከሆነ ሁለቱ ንክኪዎች ስምንት ዓመት ሲቆሙ ነጭ ሻጋታ ያበጃሉ። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በመሃላቸው አንዴ ሁለቴ ሳቡና በንጹሕ ወረቀት ጥረጉ። በሰፊው ሲከፈቱ ክፍተታቸው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ጊዜውን እዩ። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ኤፍ የሚል ፊደል አለ። የእሷ መስመር ከሞተሩ ምልክት ጋር ሲገጥም ፑንቲናው መከፈት መጀመር አለበት። ይህን በዓይን ማየት ያስቸግራል። የሲጋራ ወረቀት በንክኪዎቹ መሃል አስገቡና በቀስታ እየሳባችሁ ቮላኖውን አዙሩ፤ ወረቀቱ የለቀቀበት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተበት ነው።

የቫልቭ ክፍተት

ይህ አጭር ሥራ ነው፣ ግን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ቢቻል ጠዋት፣ ሳትነሳ። ሽፋኑን አንሡና ቮላኖውን አዙሩ፤ ቲ የሚለው ፊደል ከምልክቱ ጋር ይግጠም። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መወዝወዝ አለባቸው። አንዱ ከጠነከረ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩና ቲን እንደገና አግጥሙ።

ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የፊለር ጌጁ ብረት ሲገባና ሲወጣ ቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ትንሽ መያዝ አለበት። ዳዶዋን ላላ አድርጉ፣ ብሎኗን አስተካክሉ፣ ብሎኗን ይዛችሁ ዳዶዋን አጥብቁ። ከጠበቀ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ሁልጊዜ ጥቂት ይሸሻል። ቀጭ ቀጭ የሚል ቫልቭ ጆሮ ያሰለቻል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ድምፅ የሌለውና በጣም የጠበቀ ቫልቭ ግን ሳይዘጋ እየሠራ ይቃጠላል።

አሁን ርገጡ

ካንዴላዋን ሳትገጥሙ 20 ጊዜ ያህል ርገጡ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይውጣ። ከዚያ ካንዴላዋን ግጠሙ፣ ቤንዚን ክፈቱ፣ ካርቡራተሩ እንዳያፈስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ቾክ ዝጉ። ሥራው ደጅ ይሁን። ክፍል ውስጥ የሞተር ጭስ ይገድላል፤ በውስጡ ያለው መርዘኛ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

የእኔ በአሥራ አንደኛው ተነሳች። መጀመሪያ ያፈሰስነው ዘይት ስለሚቃጠል ለጥቂት ደቂቃ ሰማያዊ ጭስ ትሰጣለች፤ አትደንግጡ። ካልቆመ ፋሻ ወይም የቫልቭ ላስቲክ ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው፣ ወደ ካርቡራተሩ ተመለሱ። ነጭ ጭስ ማርሚታው ውስጥ የቆየ ውኃ ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል።

ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞውን አስተካክሉ። የአየር ብሎኗን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላችሁ ድምፁ ከፍና ለስለስ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጄትና ፑንቲና በአንድ ቀን የነካ ሰው የቱ እንዳበላሸ አያውቅም።

ከመንዳታችሁ በፊት

ከተነሳች በኋላ ደስታ ያሰክራል። የአጎቴ ልጅ ያንኑ ቀን በተሰነጣጠቀ ጎማ መንገድ ሊወጣ ነበር። ቁጭ በሉ።

ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ ለምሳሌ 2311 ማለት በ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ። አሥር ዓመት ያለፈው ወይም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይቀየር። ካላማዳሪያውንም አዲስ አድርጉ። ስትገጥሙ ውስጡን ፓውደር ነስንሱ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርጥቡ፣ ካላማዳሪያውን ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ንፉት። አለበለዚያ ማስገቢያ ብረቱ ይቆነጥጠዋል። ብቻችሁን ስትነዱ ፊት 25፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃል።

የሁለቱንም ጎማ ከበሮ ክፈቱ። የፍሬን ሸራው ከሁለት ሚሊ ሜትር ከሳሳ ወይም ዘይት ከነካው ቀይሩት። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የፍሬኑን ካም (ሸራዎቹን የሚገፋውን) አውጥታችሁ ዘንጉን በጥቂት ግራሶ ቀቡ፤ ሸራው ላይ ግን አንድ ጠብታ እንዳይደርስ። ጎማውን እያዞራችሁ የኩሽኔታውን ድምፅ ስሙ። ካቦዎቹን ከላይ ጫፍ ዘይት አንጠባጥባችሁ እስከ ታች አሳልፉ። ጫፉ የተበጣጠሰ ካቦ አይጠገንም።

ሰንሰለቷ በሽፋን ውስጥ ስለሆነች ብዙ ሰው ይረሳታል። የላስቲክ ክዳኗን አንሥታችሁ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፏት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ መላላት አለባት። የማያያዣዋ ቅንጥብ ክፍት ጎኑ ከጉዞው አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር።

ባትሪው ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አዲስ ግዙ። ግን አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው። ሱቁ በልማድ የሰጣችሁ 12 ቮልት አምፖሎቻችሁን በአንድ ሰከንድ ይጨርሳል።

ሰነዱንም አትርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ገደብ አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር

ማርሽ ስታስገቡ ፍሪሲዮን ይዛችሁም ወደፊት ከዘለለች የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተጣብቀዋል። ሞተሩን አሙቁ፣ አጥፉ፣ መያዣውን በገመድ ከመሪው ጋር አስራችሁ አሳድሩ። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይለቃል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ሰፈር ውስጥ አድርጉ፣ አሥር ኪሎ ሜትር አይለፍ። ተመልሳችሁ ካንዴላዋን ፍቱና ቀለሟን እዩ። የቡና በወተት ቀለም ካላት ልክ ናት። ጥቁርና ደረቅ ከሆነች ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነች አንሷል፤ ሳታስተካክሉ ሩቅ አትሂዱ። ብሎኖችን ሁሉ አንዴ ዞራችሁ እዩ፤ በተለይ የማርሚታና የሞተር መያዣ ብሎኖች በመጀመሪያው ሙቀት ይላላሉ። በ300 ኪሎ ሜትር ዘይቱን እንደገና ቀይሩ። ለስምንት ዓመት የተቀመጠው ቆሻሻ ሁሉ የሚወጣው በዚህኛው ነው። ከዚያ በኋላ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት፣ በየ3,000ው የቫልቭና የፑንቲና ክፍተት። ከአንድ ወር በላይ የምታቆሟት ከሆነ ቤንዚን ዝጉና ካርቡራተሩ ደርቆ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሥታችሁ ተዉት።

አጎቴ ድምፁን ሰምቶ ከቤት ወጣ። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ መቀመጫዋን በእጁ ጠረገ። «ያንተ ናት ብያለሁ» አለ፤ «እስቲ እስከ ቀበሌው ደርሼ ልምጣ» ብሎ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።